ፒካፑ ስንት ቁጥር ነው የሚጫማው?

ልጅ እያለሁ መስከረም ሲጠባ የሚገዛልኝ ጫማ ልኬ ሆኖ አያውቅም። እናቴ ጣቷን ከተረከዜ ኋላ ሰዳ ትለካና እንደልብ ካልገባላት ባለሱቁን «አንድ ቁጥር ከፍ አድርግልኝ፣ ታድግበታለች» ትለዋለች። እኔ ታዲያ እስከ ጥር ድረስ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ወሽቄ፣ እንደ ዳክዬ እየተወላገድኩ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ይከፋኝ ነበር፤ ግን የእናቴ ሂሳብ ስህተት አልነበረበትም። ልጅ ያድጋል።

ፒካፕ አያድግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴን ትርፍ ጎማ ላስጠግን ጎሚስታ ቤት ተቀምጫለሁ። (አዎ፣ ሴት ልጅ፣ ጎሚስታ ቤት። ገርሟችሁ ከጨረሳችሁ እንቀጥል።) በእኔ ዕድሜ የሚሆን አንድ ልጅ ነጭ ሃይሉክሱን እያስጓራ መጣ። መኪናው ጽድት ያለ ነው። የኋላው መጫኛ ላይ አንድ ጭረት የለም፤ ከሽቶና ከሙዚቃ በቀር ጭኖ የሚያውቅ አይመስልም። ልጁ ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወፍራሙን አድርግልኝ፣ ያንን ጥርሱ ትልልቁን» አለ። ጎሚስታው «የድሮው ቁጥሩ ስንት ነው?» ሲለው ልጁ እጁን ወደ ሰማይ አወናጨፈ።

«ገብቶ ከዞረ ምን ችግር አለው?»

ገብቶ ከዞረ! ይቺ አባባል ይኸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች፤ ምክንያቱም ከዓመታት በፊት ቃል በቃል ከአጎቴ አፍ ሰምቻታለሁ። ያኔ ደግሞ እኔም ጋቢና ውስጥ ነበርኩ።

አጎቴ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ያለማል። ፒካፑ አሮጌ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጫማው 205 አር 16 ሲ የሚባለውን ቀጠን ያለ ጎማ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ልጁ (ለፒካፕ ያለው ፍቅር ለትምህርት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበር) «አባዬ፣ ይሄ እኮ የጋሪ ጎማ ነው የሚመስለው፤ ሰው ይስቅብናል» እያለ አስጨነቀው። አስጨንቆም 265/70 አር 16 አስገዛው። አዲሱ ጎማ ከድሮው በስፋት 6 ሴንቲ ሜትር፣ በቁመት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ቸርኬው ግን ያው የድሮው ነው። ለቀጭን ጎማ የተሠራ ባለ 6 ኢንች ቸርኬ፤ 265 የሚያህል ጎማ ደግሞ ቢያንስ ባለ 7 ኢንች ነው የሚፈልገው። ጎሚስታው ሳሙና ቀብቶ፣ ረግጦ፣ በመዶሻ እያባበለ ከተተው። አጎቴ ግንባሩን ጠረገና ያቺን አባባል ተናገራት።

ገባ። ዞረም። ችግሩ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው ፓራፋንጎውን መላስ ጀመረ። ለዚህም መላ አልጠፋም፤ ፓራፋንጎው በመዶሻ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ትርፍ ጎማውም ከሥር ቦታው አልገባ ስላለ ከኋላ ከጭነቱ ጋር እንዲሳፈር ተደረገ። ልብ በሉ፣ ጎማውን ለመኪናው ማስተካከል ትተን መኪናውን ለጎማው እያስተካከልን ነበር። ያኔ ይሄ ለማናችንም አልታየንም። እኔማ ፎቶ ሁሉ ተነስቼበታለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከአዲስ አበባ የውኃ መሳቢያ ሞተርና ሲሚንቶ ጭነን ወደ ሸዋ ሮቢት ተጓዝን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ናችሁ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ብቅ ስትሉ መሬት ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ሸዋ ሮቢት ያለችው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ካፖርት ወደ ቆላ ነጠላ ማለት ነው።

አጎቴ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ቁልቁለት በፍሬን እንደማይወረድ ሊነግሩት አይገባም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዘው ለቀቀው። ሞተሩ እንደ ወትሮው አልያዘም። «ምን ሆኗል ይሄ መኪና ዛሬ?» አለ። ፍሬን ነካ አደረገ። ቆይቶ ደገመው። ደብረ ሲና ሳንደርስ ያ የተቃጠለ ነገር ሽታ ጋቢናውን ሞላው፤ ፔዳሉም በየጊዜው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። አጎቴ ዝም አለ። እኔ አጎቴ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ከሽታው ይልቅ ያስፈራኝ ዝምታው ነው። እንደምንም በአንደኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ደብረ ሲና ዳር ላይ ቆምን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሻዩን አስቀምጦ ወደ እኛ መጣ። ጭሱን አላየውም። ጎማውን ነው ያየው። «አባት፣ ይሄ የራሱ ጫማ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጎማው ብቻውን ነው ጉድ ያደረገን አልልም። ሲሚንቶው አለ፣ የፍሬን ሸራውም ያረጀ ነበር። ግን ሹፌሩ ነገሩን ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ ነው ያስረዳን። ጎማ በቁመት ሲጨምር መኪናው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ማርሽ ሁለተኛ መሆኑ ይቀርና ወደ ሦስተኛ ያዘነብላል። ሽቅብ ስትሄዱ ጉልበት ያጥራችኋል፣ ቁልቁል ስትሄዱ ሞተሩ መያዝ ያቅተዋል። ፍሬኑም ያው ነው። ድንጋይ ለመፈንቀል ረጅም ዲጂኖ ከአጭሩ ይሻላል አይደል? ትልቅ ጎማ ለመንገዱ ረዘም ያለ ዲጂኖ ሰጣችሁት ማለት ነው። ፍሬኑ ግን የድሮው፣ ለአጭሩ ዲጂኖ የተሠራው ነው። ከተማ ውስጥ ከመገናኛ ቦሌ ስትመላለሱ ይሄ ምኑም አይሰማችሁም። የሚሰማችሁ ጣርማ በር ላይ፣ ጭነት ጭናችሁ፣ መመለሻ በሌለበት ቦታ ነው።

እሺ፣ አሁን ጎማው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ብዙ ሃይሉክሶች ላይ የምታገኙትን 265/65 አር 17 112 ኤስ የሚለውን እንውሰድ።

265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ 172 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አር የጎማው ውስጣዊ አሠራር ራዲያል መሆኑን ይናገራል፤ ዛሬ ፒካፕ ላይ የምታዩት ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ነው። 17 የቸርኬው ቁጥር ነው፣ በኢንች። ሚሊ ሜትር፣ መቶኛ እና ኢንች በአንድ መስመር! ይህን ያወጣው ሰው የሰው ልጅን አይወድም ነበር። ለማንኛውም 172ን ሁለት ጊዜ፣ ከላይም ከታችም ስላለ፣ ከቸርኬው 432 ሚሊ ሜትር ጋር ደምሩት። 776 ሚሊ ሜትር። የጎማው ሙሉ ቁመት ይሄ ነው፤ ለመኪናው ትልቁ ቁም ነገርም ይሄው ነው። ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሁሉ በእሱ ላይ ተሰልተው ነው የተሠሩት።

የቅዳሜው ልጅ በጣቱ ያመለከተው 285/70 አር 17 ነበር። አስሉት፤ 831 ይመጣል። 55 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ 7። «ያው መኪናዬ በአምስት ሴንቲ ተኩል ከፍ ይልልኛል» ካላችሁ እሱም የለም፤ ከፍ የሚለው ግማሹን ነው፣ ግማሹ ከእምብርቱ በላይ ነው የሚቀረው። ቆጣሪያችሁ 100 ሲል እናንተ በ107 እየበረራችሁ ነው፤ የትራፊክ ፖሊሱ ራዳር ደግሞ የእናንተን ጎማ ቁጥር አይጠይቅም። 100 ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠ መኪና 93 ሺህ ገደማ ብቻ ያሳያል (ይቺን ደላሎች እንዳይሰሙብኝ)፤ የዘይት መቀየሪያ ቀኑም በዚያው ልክ ያልፋችኋል። ነዳጁማ አይነሳ።

ብዙ ባለሙያዎች የቁመት ልዩነቱ ከ3 በመቶ ባይዘል ይመረጣል ይላሉ። እንግዲህ «ካላማረብኝ አልነዳም» ለሚል ሰው መውጫ መንገድ አለ። 265/60 አር 18 ብታሰሉት 775 ነው የሚመጣው፤ ቸርኬው አደገ፣ ቁመቱ ግን ከ265/65 አር 17 ጋር በ1 ሚሊ ሜትር ነው የሚለያየው። ማማርም ይቻላል ማለት ነው። ብቻ የጎማው ጎን እየቀጠነ ስለሚሄድ ጉድጓድ ስትገቡ ቸርኬው ቶሎ ነው የሚያገኘው። የእኛን መንገድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በነገራችን ላይ ወፍራም ጎማ «ለመስክ ነው» የሚሉ አሉ። ታዲያ ለምንድን ነው የእውነት መስክ የሚወጡት የማያደርጉት? ያንን ከአዋሽ ወዲያ አቧራ ለብሶ የሚመጣውን ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የምታዩበት 7.50 አር 16 ነው፤ ስፋቱ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንዳንዴም ካላማዳሪ ያለው፣ በየትኛውም ገጠር ከተማ ሊጠገን የሚችል። ከላይ ለስላሳ፣ ከሥር ጠንካራ የሆነ ጭቃ ላይ ቀጭኑ ሰንጥቆ ገብቶ ጠንካራውን ይረግጣል። ልቅ አሸዋ ላይ ሰፊው ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ዋልካ ላይ ክረምት ከገባችሁ ደግሞ ሁሉም ይሰምጣል፤ እዚያ የሚያወጣችሁ በሬ ነው። ግን ከቦሌ ሲኤምሲ የሚመላለስ ሰው «ለአሸዋ ነው» ሲለኝ አሸዋው ኮንዶሚኒየም ግንባታው ላይ ካልሆነ በቀር የት እንዳለ አላውቅም።

አሁን ሰው ወደማያነባቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች እንምጣ። ኤስ የፍጥነት ነው፣ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው፤ እናልፈዋለን። 112 የሚለው ግን ኪሎ የሚመስል፣ ኪሎ ያልሆነ ቁጥር ነው። የጭነት መለያ ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። 110 ከሆነ 1,060፣ 104 ከሆነ 900።

ይህን ያወቅሁት አጎቴ ሁለተኛውን ስህተት ሲሠራ ነው። ከደብረ ሲናው ጉድ በኋላ ንስሐ ገብቶ ወፍራሞቹን አወለቀ። ሶማሌ ተራ ሄዶ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ፣ 205 አር 16 ገዝቶ መጣ። ደስታውን ብታዩት! «በል፣ አሁን የራሱን ጫማ አደረግሁለት» አለ፤ ለልጁ ነው። እኔ ታዲያ ጎንበስ ብዬ ሳነብ ሲ የምትለዋ ፊደል የለችም። የጭነት መለያው 104 ይላል። ሲ ማለት ለንግድ መኪና፣ ለጭነት የተጠናከረ ማለት ነው፤ የድሮዎቹ ሲ ያላቸው 110 ነበሩ። መጠኑ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ በአንድ ጎማ የ160 ኪሎ ልዩነት።

«ጋሼ፣ እነዚህ ለጭነት አይሆኑም» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ስለ ጎማ ምን ታውቂያለሽ?»

እስቲ በግምት እናስላው። ባዶ ደብል ጋቢና ከኋላ ሁለት ጎማዎቹ ላይ ወደ 800 ኪሎ ያርፋል እንበል። አሥር ኩንታል ስትጭኑ አብዛኛው የሚያርፈው እዚያው ኋላ ነው፤ 950 ያህሉ። ድምሩ 1,750፣ ለአንድ ጎማ 875። ባለ 104ቱ 900 ነው የሚችለው። ስለዚህ አሥር ኩንታል ብቻ ጭናችሁ በ25 ኪሎ ነው የምትተርፉት፤ ያውም ጎማው አዲስ፣ ንፋሱ ሙሉ፣ መንገዱ ለጥ ያለ ከሆነ። አንድ ጉድጓድ ላይ ያቺ 25 ኪሎ የትም አትገኝም። አሁን እንደ አገራችን ወግ «ትንሽ እናክልበት» ብላችሁ 15 ኩንታል አድርጉት። ለአንድ ጎማ 1,100 አለፈ፤ ያኔ ባለ 110ም አይችለውም። «እንግዲያው ትልቅ ጎማ ላድርግበትና ብዙ ልጫን» የሚል ካለ ደግሞ፣ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ አብረው አላደጉም። ጫማ የቀየረ ሰው ጉልበቱ አይጨምርም።

ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከተጠቃሚ እንዲሰበሰብ አድርጓል፤ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ጥርስ ከአካሉ እየተገነጠለ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። እነዚያ ጎማዎች መጠናቸው ለመኪናው ትክክል ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች አንዱ በጎማው ሥሪት፣ ሌላው በመኪናውና ዝቅ ብሎ በታዘዘው ንፋስ እየተካሰሱ ተለያዩ። አደጋው የበዛው ግን የት ነበር? ቴክሳስ፣ አሪዞና፣ ፍሎሪዳ፣ ከዚያ ቀደም ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬንዙዌላ። ሙቀት ባለበት አገር፣ ረጅም መንገድ፣ ፈጣን ጉዞ። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለውን አስፋልት በግንቦት ነድቶ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ይሙላው።

የአጎቴ ጎማ አልፈነዳም። ከአንድ ዓመት በኋላ የኋላ ግራው ጎኑ ላይ እንደ ሕፃን ጉንጭ አብጦ ተገኘ። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ማታ፣ በስልኬ መብራት፣ በማግስቱ ሽንኩርት ሊጫንበት ሲል። ጭነቱ ላይ ደግሞ አራት የቀን ሠራተኞች ሊቀመጡ ነበር። እነሱ ጎማውን አልመረጡትም። ገብቶ መዞሩንም አልጠየቁም። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከኋላ ግራ በኩል፣ ከጎማው በላይ፣ ነው የሚቀመጠው። ንፋስ ስለሚያገኝ።

ሰው ድሃ ስለሆነ ነው የምትሉኝ ይኖራላችሁ። በከፊል እስማማለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማ ዋጋው የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል። ለዚህ ነው የአጎቴን ሁለተኛ ስህተት ይቅር ያልኩት፤ ሲ የሌለው ረከስ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ግን ይቅር አልልም፣ የቅዳሜውን ልጅም እንደዚያው። ወፍራሙ እኮ ከትክክለኛው ይወደዳል! ገንዘብ ጨምረን ነው ፍሬናችንን የምናደክመው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ስለ ዕድሜው። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር የተጻፈበት ሞላላ ማኅተም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሯችኋል። 3516 ካለ በ2016 ሠላሳ አምስተኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር! አንድ ነጋዴ ዓይኔን እያየ «የ16 ነው፣ አዲስ ነው» ብሎኛል። እኔም ለአፍታ 2016 ዓ.ም. መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የእኛ ነሐሴ 2008 ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት በአንዲት ቃል ጠፋ። ላስቲክ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ነጋዴው ዋሸኝ እንኳን ማለት አልችልም። የ16 ነዋ!

ወደ ቅዳሜ እንመለስ። ልጁ አንዱን 285 አስገጠመና መሪውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ጎማው ፓራፋንጎውን ነካ፤ ጎሚስታው እጁን ወደ መዶሻው ሰደደ። እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ወንድም፣ እባክህ የሾፌሩን በር ክፈተው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ከዚያ ከፈተው። ምሶሶው ላይ፣ አቧራ የለበሰች ትንሽ ወረቀት አለች። በአውራ ጣቱ ጠራረጋት። 265/65 አር 17፣ ከጎኑ ደግሞ የፊትና የኋላ ንፋሱ ሳይቀር ተጽፏል። መኪናውን ከገዛ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ አንብቧት አያውቅም።

«እና የጋሪ ጎማ ላድርግ?» አለኝ።

ምን ልበለው? ጎሚስታው ሳቀ። ልጁ ትንሽ አሰበና 265/65ቱን፣ ግን ጥርሱ ትልልቁን አስመጣ። እሱን አልተከራከርኩትም፤ ይጮህበታል እንጂ አይገድለውም።

ከዚያ ጎሚስታው ወደ እኔ ትርፍ ጎማ ዞረ። አገላብጦ አየው። «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ የየትኛው መኪና ነው?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። 265/70 አር 16። የ2011ዱ ወፍራም ጎማ! አጎቴ ሦስቱን ሸጦ አንዱን «ለክፉ ቀን» ብሎ አስቀምጦት ኖሯል። ከሦስት ቀጫጭኖች ጋር አንድ ወፍራም፤ በዚያ ላይ ጭቃ ውስጥ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ማርሽ ቢያስገባ የማርሽ ሳጥኑ እርስ በርሱ ሲታገል ይውላል። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ይሄን ጎማ ጣለው ነው የምልህ። እዚህ ጥሩ ያገለገለ 205 አር 16 ሲ አለ፣ ብዙ አልሠራም። መለያው 110 ይላል።»

«የስንት ነው?» አለኝ። (ተምሯል!)

ማኅተሙን በጣቴ ጠረግሁት። 4220። «የ2020» አልኩት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «አንቺ ልጅ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «2020 እኮ ገና አልደረሰም።»